ጥያቄና መልስ፦ በድርጅት በኩል የምሰጠው ምጽዋት ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰፈራችን ውስጥ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የሚንከባከብ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በየወሩ ከደሞዜ 500 ብር እየተቆረጠ ይገባለታል። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየሄድን ልብስ እናጥባለን፣ ጥፍር እንቆርጣለን፣ ምሳ እናበላለን። ከመካከላችን ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም አሉ። አንዲት የጽዋ ማኅበር እኅቴ ግን «በድርጅት በኩል የሚሰጥ እርዳታ እንጂ ምጽዋት አይባልም» አለችኝ። እናቴም «ደጀ ሰላም ላይ ነዳያን ተኮልኩለው ምን ሰፈር ለሰፈር ያዞርሻል?» ትለኛለች። ገንዘቡን ከአስራቴ ላይ ላድርገው ብዬም አስቤ ነበር። ግራ ገብቶኛል። ወለተ ሚካኤል ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሚካኤል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአስራቱ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። አስራት የእግዚአብሔር ቤት ድርሻ ነው። ምጽዋት ከቀረው ላይ፣ ከራስሽ የምትሰጪው ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይይዝም። ስለዚህ 500 ብሩን ከአስራትሽ ላይ አታንሺው። ደሞዝሽ ሁለቱን አልችል ካለ ምጽዋቱን ወደ 100 ብር ዝቅ ብታደርጊው ማንም አይወቅስሽም። ዝርዝሩን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

አሁን ወደ ዋናው። «በድርጅት በኩል ከሆነ ምጽዋት አይደለም» የሚለውን አባባል እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከልብ የሚሉት ሰዎች አሉ። ምጽዋት ፊት ለፊት፣ ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ አይቆጠርም ብለው ነው። እስቲ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ አብረን እንየው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ ነው። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ግን መጨረሻው ላይ ያለውን ነገር ቶሎ እናልፈዋለን።

ሳምራዊው በመጀመሪያ በገዛ እጁ ቁስሉን አሰረ። ዘይትና ወይን አፈሰሰበት። በራሱ አህያ ላይ ጫነው። ወደ እንግዶች ማደሪያም ወስዶ ራሱ አስታመመው። በማግስቱ ግን መንገደኛ ነውና መሄድ ነበረበት። ምን አደረገ? ሁለት ዲናር አውጥቶ ለእንግዳ ቤቱ ጠባቂ ሰጠ። «አንተ ጠብቀው፤ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ» አለው። አየሽ? ያው ሰው በእጁም አገለገለ፣ ገንዘብም ከፈለ፣ የቀረውን ሥራ ደግሞ ለሌላ ሰው አደራ ብሎ ሄደ። ጌታ ይህን አደራ ከታሪኩ አላወጣውም። «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» ሲል ሁለቱን ዲናር ጨምሮ ነው።

ያንቺ 500 ብር ሁለቱ ዲናር ነው። ቅዳሜሽ ደግሞ ዘይቱና ወይኑ።

ሐዋርያትም ቢሆኑ ያለ ሥርዓት አልሠሩም። በመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ሰው መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖር ነበር። ከዚያ ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ይከፋፈላል። ሰጪው ገንዘቡ የትኛዋ መበለት ጋር እንደደረሰ ላያውቅ ይችላል። ማከፋፈሉ ላይ ቅሬታ ሲነሳ ደግሞ ሐዋርያት «እንግዲያው ይቅር፣ ሁሉም በየራሱ ይስጥ» አላሉም። በመልካም የተመሰከረላቸውን 7 ሰዎች አስመርጠው ለማዕዱ ሾሙ። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚያ አንዱ ነው። በጎ ሥራን በአደራና በሥርዓት መሥራት እንግዲህ ትናንት የመጣ አይደለም።

በየወሩ መቆረጡም እንዳያሳስብሽ። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች ሲያሰባስብ የቆሮንቶስን ሰዎች ያዘዛቸው ይህንኑ ነው። በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቻለ እያስቀረ ያጠራቅም አላቸው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 16 ላይ አለልሽ። ስሜት ሲመጣ ብቻ የሚሰጥ ሰው አለ። መልካም ነው። ግን አረጋዊው በየቀኑ ነው የሚርበው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ጤፍና ዘይት የሚገዙት፣ የወር ኪራይ የሚከፍሉት፣ በየወሩ ይመጣል ብለው በሚተማመኑበት ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ያው ጳውሎስ ገንዘቡን ብቻውን ይዞ አልሄደም። ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ የታመኑ ወንድሞችን አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ስለዚህ የምትሰጪበትን ድርጅት የሒሳብ ሪፖርቱን ብትጠይቂ ኃጢአት አይደለም። አለማመንም አይደለም። ፈቃዱ የታደሰ ነው? ሒሳቡ በኦዲተር ይታያል? ብለሽ ጠይቂ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ሰው ሰብስቤ ገንዘብ አስዋጥቻለሁ። በኋላ የት እንደገባ የሚነግረኝ አጣሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼ ፊት መቆም ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠየቅን የፍቅር ሥራ አድርጌ ነው የማየው።

ቅዱስ ባስልዮስን ታውቂዋለሽ፤ በስሙ የተሰየመ ቅዳሴ አለን። በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ከባድ ረሃብ ገብቶ ነበር። ባስልዮስ እህል ያከማቹትን ባለጠጎች ፊት ለፊት ገሠጻቸው። ድሆችን ሰብስቦ አበላ። በኋላም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ማረፊያ የሚሆን ትልቅ ሥፍራ አሠራ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን የለምጽ ሕሙማን ሳይቀር ያቀፈ ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ያን ሥፍራ አዲስ ከተማ ብሎ ጠርቶታል። ይህ አጠራር በጣም ደስ ይለኛል። ሕንፃው ስለበዛ ብቻ አይመስለኝም። ማንም የማያውቃቸው ሰዎች እዚያ ጎረቤት ስላገኙ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ አበበች ጎበናን ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሲሄዱ መንገድ ላይ በረሃብ የወደቁ ሰዎችን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፈሉ። ሲመለሱ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው መጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ሰው «አበደች» አላቸው። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ያ ጅማሬ ብዙ ሺህ ሕፃናትን የደገፈ ድርጅት ሆነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸው ስንቱ ነው! የእኚህ እናት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለበረከት ወጥተው በረከቱን መንገድ ላይ አገኙት። ድርጅት ከመሆኑ በፊት የአንዲት ተሳላሚ ምጽዋት ነበር። ድርጅት ከሆነ በኋላስ ምጽዋትነቱ የት ሄደ?

መቄዶንያንም ተመልከቺ። ቢንያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የጀመረው ነው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይኖሩበታል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክራቸውን የማያውቅ የለም። ሰው ልደቱን፣ ሠርጉን፣ የሟች ዘመዱን ተዝካር ይዞ እዚያ ይሄዳል። ድሮ ድግሱ ለዘመድ ነበር፤ ዛሬ ዘመድ ላጣው ሆነ። ጌታ በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርግ መልሰው የማይጋብዙህን ጥራ ያለውን አስቢው።

አሁን ስለ ቅዳሜሽ ልንገርሽ። እኔም ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር እንዲህ ያለ ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀን አንድ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት እንዳጎርስ ተመደብኩ። ሽሮ በእንጀራ ነበር። እኔ ቶሎ ጨርሼ ወደሚቀጥለው መሄድ ፈልጌያለሁ። እያከታተልኩ ሳጎርስ አፋቸውን ገጠም አደረጉ። ጥቂት ቆይተው «ቀስ በል ልጄ፣ እያኘክሁ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ቁጭ አልኩ። ሳልቸኩል ማጉረስ ስጀምር እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። የማን ልጅ ነህ? ልጆች አሉህ? ያኔ ሁለተኛዋ ልጄ ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ነገርኳቸው። ያን የሚንቀጠቀጥ እጅ ራሴ ላይ ጭነው «እመቤቴ ትድረስላት» ብለው ረጅም ጸሎት ጸለዩልኝ። ያን ቀን ከእኔ ሌላ ሰባት ሰው ስለ ልጄ መታመም ያውቅ ነበር። እንደ እሳቸው ቁጭ ብሎ የጸለየልኝ ግን አልነበረም።

ቅዱስ ጳውሎስ የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት ይሞላል፣ የእነርሱም ትርፍ የእናንተን ጉድለት ይሞላል የሚለው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የተረፈኝ ጉልበትና ሁለት ሰዓት ነበር። እሳቸው የተረፋቸው ጸሎትና ጊዜ ነበር። ተለዋወጥን። ሰፈር የሚጠነክረው እንዲህ ነው እኅቴ። ብሩ ዳቦ ይገዛል። በገንዘብ የማይገዛው ግን አንቺ እዚያ ስትሄጂ፣ የባንክ ሠራተኛዋ የአንዲትን እናት ስም ማወቋ ነው። እዚያ ማዶ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ልጅ መጥቶ የተሰበረ አልጋ ጠግኖ መሄዱ ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን የደም ግፊት ሲለኩ ነው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ። አንዱ ሐዘን ሲገጥመው ሌላው ይደርሳል። ዕድር ውስጥ ያልነበሩ ተከራዮች እንኳ በዚህ መንገድ ጎረቤት ያገኛሉ።

ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ባልደረቦችሽም አይክበዱሽ። የሃይማኖት ሥርዓታችን ሌላ፣ የሰው ቁስል ማሰር ሌላ። ጌታ ባልንጀራ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ አይሁድ የማይተባበሩትን ሳምራዊ ነው ለምሳሌ ያቀረበው። አብራችሁ አገልግሉ። በጾም ወቅት ምግቡ ላይ ተነጋገሩና ጾመኞቹን አረጋውያን አስቡላቸው፤ እንዲህ ያለውን አንቺ ካላስታወስሽ ማን ያስታውስላቸዋል?

ስልካችሁን ግን ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። አልጠየቅሽኝም፤ ይሁንና ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ጥርስ የሌላቸው እናት ሲጎርሱ፣ ልብሳቸው ሲለወጥ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ነውር ነው። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለው ለእኛ ነፍስ ብቻ አይደለም፣ ለእሳቸውም ክብር ነው። ድርጅቱ ሰጪ ለማግኘት ሥራውን ማሳየት ካስፈለገው የአረጋውያኑን የራሳቸውን ፈቃድ ጠይቆ በክብር ያሳይ።

የቀሩት እናትሽ ናቸው። አትከራከሪያቸው። የደጀ ሰላሙን ነዳያን ማሰባቸው ትክክል ነው፤ ሳንቲም ይዘሽ እለፊ፣ ስማቸውንም ጠይቂያቸው። ግን ስምሽ ወለተ ሚካኤል ከሆነ እቤታችሁ የኅዳር 12 ዝክር ሳይኖር አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ዘንድሮ ከዝክሩ ጥቂቱን ወደ አረጋውያኑ ቤት እንውሰደው በያቸው። ድፎ ዳቦውን ራሳቸው ይቁረሱት። ከእሳቸው እኩያ ከሆኑ እናቶች አጠገብ አስቀምጫቸውና አንቺ ወደ ልብስ እጥበትሽ ሂጂ። ብቻ ከሁለት ቀን በፊት ደውለሽ ለወጥ ቤቱ ንገሪ፤ የዚያን ቀን ሌላ ሰው ምሳ አስቦ ከሆነ ምግቡ እንዳይደራረብና እንዳይበላሽ ነው። ስኳር ያለባቸው ካሉም ጠይቂና ለእነርሱ የሚሆነውን ለየት አድርጋችሁ ያዙ።