የኋላውን ዲስክ ካደረግኩ በኋላ ፔዳሉ ለምን ወረደ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የፒክአፔን የኋላ ድራም አስወጥቼ ዲስክ ፍሬን አስገጠምኩ። የፍሬን ሸራዎቹን (ፓዶቹን) ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ካሊፐሮች የእጅ ፍሬኑን ክንድ ራሳቸው ላይ የያዙ ናቸው። አሁን ፔዳሉን ስረግጥ መጀመሪያ በጣም ይወርዳል። ቶሎ ደግሜ ስረግጥ ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ሦስት ጊዜ ከፍሬን መስመሩ አየር አስወጣን፤ ለውጥ የለም። የእጅ ፍሬኑም ዳገት ላይ አይዝም። ባዶዋን ስነዳት ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ወደ ጎን ይሸሻል። አክስሉ ጋ የነበረችውን ክንድ ያላት ቫልቭ ‹ለዲስክ አታስፈልግም› ብለው አውጥተዋታል። ማስተር ሲሊንደሩን ልቀይረው?»

ወንድሜ፣ ማስተር ሲሊንደር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል፣ ለመግዛት አትቸኩል። መኪናዋን ግን ዛሬውኑ አቁማት። የጻፍክልኝ ሦስት ችግር ነው፤ እኔ የሚታየኝ ሁለት ነው። ፔዳሉና የእጅ ፍሬኑ የአንድ በሽታ ምልክት ናቸው፤ እሱ ይደርሳል። የኋላዋ መሸሽ ግን ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጎማ ተቆልፎ ሲንሸራተት መንገዱን ወደ ጎን ቆንጥጦ የመያዝ አቅሙን ያጣል። የፊቶቹ ቀድመው ከተቆለፉ መኪናዋ መሪ አልታዘዝ ትላለች እንጂ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። የኋላዎቹ ቀድመው ከተቆለፉ ግን ኋላዋ ፊቷን ልቅደም ይላል፤ ዞራ ትገኛለች። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ለዚህ የባሰ የተጋለጠ ነው። ሞተሩም ጋቢናውም ያሉት ፊት ላይ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ በትንሽ ግፊት ይቆለፋል።

ያቺ የወጣችው ቫልቭ ሥራዋ ይህንን መከላከል ነበር። ጭነት ሲኖር ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ክንዷ ትንቀሳቀሳለች፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ትቀንሳለች። ድራም ይሁን ዲስክ ለእሷ ልዩነት የለውም፤ የምትለካው ጭነቱን ነው። አሁን ማስተር ሲሊንደሩ የሰጠው ግፊት ሁሉ ሳይቀነስ ኋላ እየደረሰ ነው።

እርግጥ ነው፣ የድሮ ልኳ ለዲስኩ ላይስማማ ይችላል። ድራም ውስጥ አንደኛው የፍሬን ሸራ በድራሙ ዙረት እየተሳበ ራሱን በራሱ ይጫናል። ዲስክ ይህ እርዳታ የለውም። ስለዚህ ወይ ከፍ ያለ ግፊት ወይ ትልቅ ፒስተን ይፈልጋል። ይህ ማለት ግን ቫልቯ እንደገና ትስተካከል ማለት ነው፤ ትውጣ ማለት አይደለም። መልሰህ አስገጥማት። ክንዷ ከተጣመመች ወይም ዝጋ አልንቀሳቀስ ካለች በአዲስ ቀይራት። በእጅ እየተጠመዘዘ የሚስተካከል ቫልቭም አለ። እሱ ግን ለባዶም ለሙሉ ጭነትም ያለው ልክ አንድ ነው። ለጭነት መኪና እኔ የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አስከትለህ እንዳትገጥም። መኪናዋ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካላት ደግሞ የኋላውን ግፊት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚቆጣጠርበት አሠራር ስላለ፣ የአምራቹን መመሪያ ሳታይ ምንም ቫልቭ አትጨምር።

አሁን ወደ ፔዳሉ። ሲደገም ከፍ ማለቱን መጻፍህ በጣም ጠቅሞኛል። ተደግሞ ከፍ ካለ በኋላ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ቢሆን አየር ነው እል ነበር። ረግጠህ ስትቆይ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ቢሆን ማስተር ሲሊንደሩን እጠረጥር ነበር። ያንተ ግን ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ይህ የክፍተት ምልክት ነው። ፓዱ ከዲስኩ በጣም ርቆ ይቀመጣል። የመጀመሪያው እርግጫ ክፍተቱን ለመሙላት ያልቃል።

ትንሽ ክፍተት ይህን ያህል ያደርጋል ወይ ካልክ እንቁጠረው። የካሊፐሩ ፒስተን ዲያሜትር 48 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ለመውጣት 1.8 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይፈልጋል። ለሁለቱ ካሊፐር 3.6 ሚሊ ሊትር። ማስተር ሲሊንደሩ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህን ዘይት ለመላክ 9.5 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። የፔዳሉ ክንድ እንቅስቃሴውን 4 እጥፍ የሚያደርግ ከሆነ እግርህ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት! ዲስክ ላይ ክፍተት ይህን ያህል የሚጎዳው ፒስተኑ ትልቅ ስለሆነ ነው።

ክፍተቱ ከየት መጣ? እዚህ ጋ ነው የእጅ ፍሬኑ የሚገባው። ያንተ ዓይነት ካሊፐር ውስጥ ከፒስተኑ ጀርባ ጥርስ ያለው ዘንግ አለ። የእጅ ፍሬኑ በእሱ በኩል ፒስተኑን ይገፋል፤ ፓዱ እየሳሳ ሲሄድም ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። አዲስ ሲገጠም ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይቀመጣል። በብዙዎቹ ላይ በፔዳል ብቻ ቦታውን አይዝም፤ ክንዱ ተደጋግሞ መሠራት አለበት። ደግሞ ኬብሉ ገና ከጅምሩ ወጥሮት ክንዱ ወደ መነሻው ካልተመለሰ ማስተካከያው ሥራውን አይሠራም። «የእጅ ፍሬኑ አልያዘም» ብለው ኬብሉን ይበልጥ ሲወጥሩት ነገሩ የሚባባሰው ለዚህ ነው። ያንተም ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመህ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዛቸው። ኋላውን አንስተህ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አስቀምጠው፤ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ሥሩ አትግባ። ኬብሉን ከሁለቱም ካሊፐር ፍታው። ክንዶቹ መነሻቸው ድረስ መመለሳቸውን በዓይንህ እይ። ፓዶቹና ዲስኩ በቦታቸው እንዳሉ አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ እያለ ጥቂት ጊዜ ይርገጥ። ከዚያ የካሊፐሩን ክንድ እስከ መጨረሻው እየሳብክ መልሰው፤ ደጋግመህ። ክንዱ የሚሄድበት መንገድ እያጠረ ሲመጣ ይሰማሃል። ዲስኩ በእጅ ሲዞር ፓዱን ሻር አድርጎ ካለፈ በቂ ነው። ኬብሉን መጨረሻ ላይ መልሰው፤ ክንዱን ከመነሻው ሳያነሳ፣ ላላም ሳይል። ለድራም የተሠራው ኬብል የካሊፐሩን ክንድ እስከሚፈለገው ድረስ የማይስብበት ጊዜ አለ። እንዲያ ከሆነ መለወጥ ያለበት ኬብሉ ነው።

እግረ መንገድህን የአየር ማስወጫዋን ቡሎን እያት። ካሊፐሩ ላይ ከላይ መሆን አለባት። ታች ከሆነች ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አሥር ጊዜ ብታስወጣም አይጠራም። ካሊፐር ሲቀየር ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ፔዳሉ ዝቅ ካለ ዲስኩን ለካ። ጎማው ሲዞር ዲስኩ ከተወላገደ ወይም የአክስሉ ኩሽኔታ ላልቶ ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ዲስኩ በየዙረቱ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ይህኛው ቆሞ ሲሞከር ደህና ነው፤ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ነው ፔዳሉ የሚወርደው።

ማስተር ሲሊንደሩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። ከ22 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ብትቀይረው ፔዳሉ ከፍ ይላል፤ ግን ያንኑ ግፊት ለማግኘት 29 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ክፍተቱን ሳታስተካክል ብትቀይረው በሽታውን ሸፍነህ ሌላ ጨመርክ ማለት ነው። ደግሞ አንዳንድ ለድራም የተሠሩ መስመሮች ላይ 0.7 ባር ያህል ግፊት ይዛ የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ አለች። ለዲስክ አትሆንም፤ ፓዱን ዲስኩ ላይ ተለጥፎ እንዲቀር ታደርጋለች። ያንተ ላይ የዚህ ምልክት የለም። ወደፊት የኋላ ዲስኮቹ ሳይፈለጉ ከጋሉ ግን አስታውሳት።

እውነቱን ልንገርህ፣ የኋላውን ዲስክ ማድረግ ብቻውን መኪናዋን በጣም ባጠረ ርቀት አያቆማትም። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ጥቅሙ ጭነት ይዘህ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ፣ ውኃ ውስጥ ስታልፍና ፓድ ስትቀይር ነው። ጭነት የምትጭንባት ከሆነ ልፋቱ ዋጋ አለው።

ቫልቯ ከተመለሰች በኋላ መኪናዋን ባዶ አድርገህ ሰውም መኪናም የሌለበት፣ ደረቅና ሰፊ ቦታ ውሰዳት። በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጀምር። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ከጎን ይይ። ኤቢኤስ ከሌላት ጠንክረህ ስትረግጥ መጀመሪያ መቆለፍ ያለባቸው የፊቶቹ ናቸው። የኋላዎቹ ከቀደሙ የቫልቯን ክንድ ግፊቱ ወደሚቀንስበት አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ አስተካክልና ድገመው። ጭነት ጭነህም ሞክር። ፔዳሉ ያኔም ከወረደ የማስተር ሲሊንደሩንና የካሊፐሩን ፒስተን ዲያሜትር ለክተህ ጻፍልኝ፤ አብረን እንቆጥረዋለን።