ኤልደን ሪንግ፦ ማርጊትን ለጊዜው ተወው

በኤልደን ሪንግ የቪዲዮ ጨዋታ የስቶርምቬል ግንብ ጠባቂ የሆነው ማርጊት እየደጋገመ ስለገደለህ «ጨዋታውን ልተወው ወይ?» ብለሃል። አትተወው ወንድሜ። መተው ያለብህ ከማርጊት ጋር እልህ መጋባቱን ነው። መንገድ የሚያሳይህ የወርቁ ብርሃን ወደ ስቶርምቬል ቢጠቁምህም የግድ አሁኑኑ ግባ አላለህም።

ፈረስህ ቶሬንት ላይ ውጣና ወደ ደቡብ ጋልብ። ድልድዩን ስትሻገር ዊፒንግ ፔኒንሱላ የሚባለው አካባቢ ነው። እዚያ ጠላቶቹ ቀለል ይላሉ። የፈራረሱት ቤተክርስቲያኖች ውስጥ የፈውስ ፍላስክህን (ጤናህን የሚመልሰውን ጠርሙስ) የሚያጠነክር እንባ ታገኛለህ። ሩንህን (ጠላት ስትገድል የምታገኘውን ነጥብ) ቪገር (የሕይወት መጠንህ) ላይ አፍስሰው፤ ጀማሪ ሁሉ ጉልበት ላይ ይጨምርና በሁለት ምት ይደፋል። ጨዋታውን የምትወደው እንዲህ ዓላማ ሳይኖርህ ስትዞር ነው፣ ቦስ (ትልቅ ጠላት) ስትጥል ብቻ አይደለም።

ስትመለስ የማርጊትን ዱላ እይ። ከፍ አድርጎ ያነሳና ቆም ይላል። ደንግጠህ ያኔ ከተንከባለልክ አለቀልህ፤ ምቱ የሚመጣው አንተ ስትነሳ ነው። መውረድ እስኪጀምር ጠብቅ። የመንፈስ መጥሪያውን ደወል ካልወሰድክ ደግሞ ኤሌ ቤተክርስቲያን ሄደህ ከጠንቋይዋ ሬና ተቀበል። በደወሉ የምትጠራቸው ሦስቱ ተኩላዎች ሲያዋክቡት አንተ ከኋላው ትገባለህ። ማጭበርበር ነው የሚሉህን አትስማቸው፣ ደወሉን የሰጠህ ራሱ ጨዋታው ነው።