ጥይት ስንት ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የምሠራው ዲሲ። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ቤት ሌባ ከገባ በኋላ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ገዛሁ። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቢያንስ 5,000 ጥይት ከሌለህ ሽጉጡ ባዶ ብረት ነው» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ አንዲት ጥይት እንኳ ቤት ውስጥ ማየት አትፈልግም። ስንት ቢኖረኝ ይሻላል?
የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ላስቀድም። ላንተ 350 ይበቃሃል። 300ው ለልምምድ፣ 50ው ለቤት መጠበቂያ።

300 ያልኩህ እንዲህ አስቤ ነው። ጀማሪ ነህ፤ በወር አንድ ቀን ተኩስ መለማመጃ ብትሄድ ጥሩ ነው። በአንድ ቀን 100 ጥይት፣ ማለትም ሁለት ፓኬት፣ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ክንድ ይዝላል፣ ሐሳብም ይበተናል። ስለዚህ 300 የሦስት ወር ነው። ሲጎድል ትተካለህ።

50ው ሌላ ዓይነት ነው፤ ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው፣ ሆሎው ፖይንት የሚባለው። ዋጋው ወደድ ይላል። ሰውነት ሲመታ ጫፉ ስለሚከፈት በሌላ በኩል በስቶ የመውጣት ዕድሉ ያነሰ ነው። የጂፕሰም ግድግዳ ግን የትኛውንም ጥይት አያቆምም። እባክህ፣ ልጆችህ የሚተኙት በየት በኩል እንደሆነ ቆመህ አስብበት። ከዚህ ዓይነት ጥቂት ተኩሰህ ሽጉጥህ ጥይቱ ሳይቀረቀርበት እንደሚያጎርስ አረጋግጥ። በዓመት አንዴ አሮጌውን ተኩሰህ በአዲስ ቀይር።

የፌዴራልም ሆነ የቨርጂኒያ ሕግ በቁጥር አይገድብህም። 5,000 ብትገዛ ማንም አይከለክልህም። ግን 1,000 ፍሬ ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። 5,000 ማለት ከግማሽ ኩንታል በላይ ነው። የት ታስቀምጠዋለህ? ማንስ ይቆጥረዋል?

ባልደረባህ ያለ ምክንያት አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ የሱቆቹ መደርደሪያ ባዶውን ቀርቶ አይቻለሁ። በ10 ዶላር ገደማ እገዛው የነበረው ባለ 50 ፓኬት ከ30 ዶላር በላይ ገባ፤ እሱም ከተገኘ ነው። ግን ያኔ የቀረብኝ ልምምድ ነው። ለቤቴ የሚያስፈልገኝ ጥይት ካዝናው ውስጥ ነበር።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ምንሽር ነበራቸው። ማታ ማታ ዝናራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥሩ ነበር። አንዲት ከጎደለች ቤቱ ሁሉ አይተኛም። እኔም ስንት ይኑረኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ስንቱን ሳታዛንፍ ልትቆጥር ትችላለህ?

ይህን የምለው የራሴም ጥፋት ስላለ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ልንሄድ በዋዜማው ባለቤቴ ሻንጣ ታዘጋጃለች። ትንሿ ቦርሳ ተኩስ መለማመጃ የምይዛት ነበረች። የቦርሳዋን መደብ ካርቶን ስታነሳ ከሥሩ አንዲት ጥይት አገኘች። ከትንሿ ጣቴ አንድ አንጓ ብዙም አትበልጥም፤ ነሐሱ ወይቦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አቁማት ዝም አለችኝ። ለአውሮፕላን ይዘነው የምንገባው ያንኑ ቦርሳ ነበር። ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ቢይዙን መከራ፣ ቢያልፍና ቦሌ ላይ ቢገኝ የባሰ መከራ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጥይቶቼን ቆጥሬ ስለማላውቅ አንዲት መጥፋቷንም አላወቅሁም ነበር። አሁን የጥይት ሳጥኔ ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ወረቀት ለጥፌአለሁ፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። የተኩስ ቦርሳዬም ለሌላ ነገር አይወጣም።

ወደ ባለቤትህ ልምጣ። ፍርሃቷ ትክክል ነው። እኛ ቤት እንግዳ አይጠፋም። ልደት ወይም ማኅበር ሲሆን የሰው ካፖርት ሁሉ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይከመራል። ልጆች ደግሞ እዚያው ገብተው ይጫወታሉ፤ ኮሞዲኖ ይከፍታሉ፣ አልጋ ሥር ይገባሉ። የአንተ ልጆች «አትንኩ» ቢባሉ ይሰሙ ይሆናል፤ የእንግዳውን ልጅ ግን ማን ነገረው? ሽጉጡ በኮድ በምትከፈት ትንሽ ካዝና ይቆለፍበት። የልምምዱ ጥይት በሌላ ቁልፍ፣ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። በመጣበት ፓኬት ሆኖ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካገኘ ብዙ ዓመት ይቆያል። ቁጥሩን ለባለቤትህ አሳያት። ፈቃደኛ ከሆነች አብራችሁ ቁጠሩት።

አንድ ያልጠየቅኸኝ ነገር አለ፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። ሥራህ ዲሲ ነው ብለሃል። ዲሲ ውስጥ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥይት መያዝም ወንጀል ነው። ሽጉጡን ቤት ትቼዋለሁ ማለት አያድንህም። ቅዳሜ ከልምምድ ስትመለስ የጃኬትህን ኪስ፣ የወንበሩን ሥርና የመኪናህን የኋላ ኮፈን በእጅህ ዳስሰህ እይ። ሰኞ ጠዋት ድልድዩን ከመሻገርህ በፊት ደግሞ አንዴ ድገመው።