ደም ወደ ጉበት የሚያስገባው «ደም መልስ»

ጥያቄ፦ ስለ ጉበት ለሕሙማን የሚሰጥ ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ፖርታል ቬን ደም ወደ ጉበት እያስገባ እንዴት «ደም መልስ» ይባላል? «ደም ቅዳ» ብዬ ብጽፈው ስሕተት ነው? ደግሞስ የጉበት ሎብም ሴግመንትም በአማርኛ ሁለቱም «ክፍል» ናቸውን? (ነርስ ነኝ)

መልስ፦ እባክዎ «ደም ቅዳ» አይበሉት። ለአንድ ብልት ደም የሚያደርስ ሁሉ ደም ቅዳ ነው የሚሉ አሉ። ስሙ የወጣው ግን ከልብ አንጻር ነው፤ ቅዳ ከልብ የተቀዳውን ያደርሳል፣ መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ፖርታል ቬን የጣፊያና የአንጀት ደም መልሶች ከቆሽት ጀርባ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ደሙ አንጀትን ዞሮ፣ ከምግብ የተገኘውን ይዞ በመመለስ ላይ ሳለ ጉበት ውስጥ ይበተናል፤ ከዚያ በሦስት ታላላቅ የጉበት ደም መልሶች ተሰብስቦ ጉዞውን ወደ ልብ ይቀጥላል። ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው ገደማ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ የጉበት ደም ቅዳ የሚያመጣው የቀረውን ሩብ ነው። በመንገዱ ላይ ጉበት መኖሩ መልስነቱን አያስቀርም።

«ፖርታ» በላቲን በር ነው። ግሪኮችም ቀድመው ደም ሥሩ ወደ ጉበት የሚገባበትን ቦታ «በሮች» ብለውታል፤ ዐረቦች በር ከሚለው «ባብ» አውጥተው ደም ሥሩን «ባቢ» ይሉታል። ስሙ ከዐይን የመጣ ነው፦ የበግ ጉበት ገልብጠው ሐሞቱን ሳያፈሱ ሲያነሡ፣ ከጎኑ ደም ሥሮቹና የሐሞት ቧንቧው ተያይዘው የሚያልፉበት ስንጥቅ ይታያል። ለዚህ ግዕዝ «አንቀጽ» የሚል ቃል አለው፤ «አንቀጸ ብርሃን» ስንል የብርሃን በር ማለታችን ነው። ቃሉን ለሕግና ለጽሑፍ ብቻ መተዋችን ያሳዝነኛል፤ እንደ እኔ ቢሆን ስንጥቁ «አንቀጸ ጉበት» በተባለ። ሕመምተኛው ግን አንቀጽ ሲባል የሚያስበው ሕግን ነው፤ ስለዚህ ደም ሥሩን «የጉበት በር ደም መልስ» ይበሉት። ሐኪሞቻችን ሁሉ «ፖርታል ቬን» ስለሚሉ፣ ሳልወድ፣ ያንንም አጠገቡ ይጻፉት።

«ክፍል»ን ለሁለቱም መስጠት ግን አይገባም። ሎብ ከውጭ በዐይን የሚለይ ነው፤ «ክንፍ» ይበቃዋል። ሴግመንት በውስጥ ባለው የደም ሥር ቅርንጫፍ የሚለይ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ኩዊኖ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ጉበትን በስምንት ከፍሎታል። አራተኛውን ይመልከቱ፦ ከፊት ሲታይ በቀኝ ክንፍ በኩል ነው፣ ደሙን የሚያገኘው ግን ከፖርታል ቬን የግራ ቅርንጫፍ ነው። ሁለቱንም «ክፍል» ካሉ ይህንን በምን ቃል ያስረዳሉ? ለሴግመንት «ክፋይ» እመርጣለሁ። «ክፍል» በብዙ ጽሑፍ ሥር መስደዱን አልክድም፤ ቢያንስ በአንድ ገጽ ላይ ለሁለቱም አይጠቀሙበት።