የአሜሪካ ክፍለ ግዛት አማካሪ ኮሚቴ በወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ ምን መለወጥ ይችላል?

"ምክር ብቻ ከሆነ የሚሰጠው ምን ይለውጣል?" ላልከው፦ ለውጡ የሚመጣው በዕቅዱና በገንዘቡ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የአሜሪካ የወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ሕግ መሠረት ኮሚቴው ክፍለ ግዛቱ ለወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ የሚያወጣውን የ3 ዓመት ዕቅድ በማዘጋጀት ይሳተፋል፤ የድጎማ ማመልከቻዎችንም አይቶ አስተያየት ይሰጣል። ስለዚህ ሐሳብህን ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት፣ ዕቅዱ ሲረቀቅ አቅርብ።

ከ15 እስከ 33 የሚሆኑትን አባላት የሚሾመው ገዥው ነው። ሰብሳቢውን ጨምሮ አብላጫው የመንግሥት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መሆን አይችልም። ቢያንስ አንድ አምስተኛው ሲሾም ከ28 ዓመት በታች መሆን አለበት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የወጣቶቹ ወንበር በወረቀት ይሞላና ስብሰባው በትምህርት ሰዓት ይጠራል። ወጣቶቹ ይቀራሉ፤ በማረፊያ ቤት ያለፈው ልጅ የሚያውቀው ሳይሰማ ዕቅዱ ይጸድቃል። የስብሰባውን ሰዓትና የትራንስፖርቱን ወጪ አስቀድመህ ጠይቅ።