ለልደት የሙት መንፈስ ኢስኬፕ ሩም ልትሄዱ ነው? ክፍሉን ለብቻችሁ ያዙ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለጓደኛችሁ ልደት ስድስት ሆናችሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ኦልድ ታውን ውስጥ፣ የድሮ ታሪክና የሙት መንፈስ ያለበት ኢስኬፕ ሩም (እንቆቅልሽ እየፈታችሁ ሰዓቱ ሳያልቅ ከተዘጋ ክፍል የምትወጡበት ጨዋታ) ልትሄዱ አስባችኋል። «ገንዘቡ ያዋጣል? በጣም ያስፈራል? ከመሄዳችን በፊት ምን እንወቅ?» ብለሻል። ብዙ ሰው «አሪፍ ነው ሂዱ» ብሎ አልፏል። እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። እኔና ጓደኞቼ እዚያው አካባቢ ተናደን ወጥተናል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እየጨፈርን ወጥተናል። ልዩነቱ ምን እንደነበረ በደንብ አውቀዋለሁ።

መልሴ አጭር ነው፦ ያዋጣል፣ ሂዱ። ግን ክፍሉን ለብቻችሁ ያዙ። ውስጥ ከገባችሁ በኋላም በአማርኛ ተጫወቱ።

1. «ፕራይቬት» መሆኑን በጽሑፍ ያዢ።

አንዳንዶቹ ቤቶች ክፍሉ ካልሞላ የማታውቁትን ሰው ይጨምሩባችኋል። ስድስት ስለሆናችሁ አይደርስብንም እንዳትዪ። ክፍሉ ስምንት ሰው የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቦታ ይሸጥላቸዋል። እኛ አራት ሆነን ነው የሄድነው። ስንከፍል የመጣልን ኢሜይል ላይ «ፕራይቬት» የሚል በግልጽ ተጽፏል። ስንደርስ እንግዳ ተቀባይዋ «አንድ ጥንድ አብሯችሁ ይገባል» አለችን። ኢሜይሉን ስልኬ ላይ ከፍቼ ዘረጋሁላት። አላየችውም። ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳታነሳ «ሲስተሙ የሚለው እንዲህ ነው» አለች። «እሺ ሌላ ሰዓት ስጪን» ስንላት የለም። «ገንዘባችንን መልሺልን» ስንላት አይመለስም። መተው መብታችሁ ነው አለችን። በነፍስ ወከፍ አርባ ዶላር ገደማ ከፍለን፣ ሰው ከሜሪላንድ ድረስ ነድቶ መጥቶ፣ የት ነው የምንተወው? ገባን።

ጥንዶቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ በእነሱ አልፈርድም። ችግሩ ሌላ ነው። ከእኛ ጋር የአክስቴ ልጅ ነበረች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙም አልቆየችም። አገር ቤት ሂሳብ አስተማሪ ነበረች፤ እንቆቅልሽ ሲሆን ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ናት። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ፣ በጩኸት ሆነ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። አንድ ነገር አይታ በአማርኛ ስትነግረኝ፣ እኔ ለጥንዶቹ እስካስረዳ ድረስ እነሱ ሌላ ሳጥን ከፍተዋል። ልጅቷ ዝም አለች።

በዚህ መሃል ነው ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ «እባካችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ ተነጋገሩ» የሚል ድምፅ የመጣው። ጌም ማስተሩ ነው። በካሜራና በማይክሮፎን እየተከታተለ ፍንጭ የሚሰጠው ሰው ማለት ነው። የት እንደተጣበቃችሁ ካልሰማ ሊረዳችሁ እንደማይችል ይገባኛል። ግን እንደዚያ አይባልም። በሰው ፊት፣ ተማሪ እንደሚቆጣ አስተማሪ! የአክስቴ ልጅ ያቺን ዓረፍተ ነገር በደንብ ተረድታታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሰዓቱ አለቀ፣ ሳንወጣ ቀረን። ላለመውጣታችን ግድ የለኝም። እሷን አንገት ማስደፋታቸው ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቅሬታ ጻፍኩ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የመጣው መልስ የቅናሽ ኩፖን ነው፤ እሱም የአገልግሎት ጊዜ ገደብ አለው። ስለ ቋንቋው ጉዳይ አንዲት መስመር የለበትም። ኩፖኑን አልነካሁትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጨዋታ በእንግሊዝኛ አልተወለደም። መጀመሪያ ከጃፓን፣ ከኪዮቶ ነው የመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ታካኦ ካቶ የሚባል ሰው የጀመረው ነው። በጃፓንኛ ከተጫወቱት በአማርኛ የማንጫወትበት ምክንያት የለም።

2. ደውለሽ «የራሳችንን ቋንቋ ነው የምንናገረው» በያቸው።

ሁለተኛ የሄድነው ሌላ ቤት ነው። እዚያው ኦልድ ታውን። ከመክፈሌ በፊት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ «ምንም ችግር የለውም፤ ፍንጭ ስትፈልጉ ወደ ካሜራው እጃችሁን አውጡና በእንግሊዝኛ ንገሩኝ፤ ከዚያ ውጭ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ» አለኝ። አለቀ። ያኛው ቤት ይህን ማለት አቅቶት ነው።

ክፍሉ የድሮ እንግዳ ማረፊያ ነው። ከእንጨት የተሠራ የቁልፍ ማንጠልጠያ አለ። ከሥሩ የእንግዶች ስም መዝገብ፣ በድሮ ተያያዥ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ። ከስሞቹ አንዱ ተፍቋል። ምድጃው ላይ የተለያየ ቁመት ያላቸው ሻማዎች ተደርድረዋል። እኛ መዝገቡ ላይ ተደፍተን ያን የማይነበብ ጽሑፍ ስንፈታ፣ የአክስቴ ልጅ ሻማዎቹን አንድ በአንድ አንስታ ከአጭር ወደ ረጅም አሰለፈቻቸው። ገልበጥ ስታደርጋቸው እያንዳንዳቸው ሥር ቁጥር ተቀርጿል። «መዝገቡን ተዉት፣ የቁልፎቹን ቁጥር በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡልኝ!» ብላ ጮኸች። አነበብንላት። ከግድግዳው ጀርባ ያለው በር ተከፈተ። እኔ እንደዚያ ቀን በእሷ ኮርቼ አላውቅም። ሰባት ደቂቃ ሲቀረን ወጣን። መውጫው ላይ ያሸነፈ ቡድን ስሙን የሚጽፍበት ሰሌዳ ነበር፤ እሷ ናት የጻፈችው፣ በፊደላችን፣ ትልቅ አድርጋ።

ስለዚህ ከመካከላችሁ እንግሊዝኛ የማይቀናት ካለች አደራ፣ ይህን ነገር ቀድመሽ ጨርሺ።

3. ስለ ፍርሃቱ።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በመብራት፣ በድምፅና በጭስ ብቻ የሚያስፈራ ነው። ሻማ ይጠፋል፣ ወንበር ይንቀሳቀሳል፣ የሴት ልቅሶ ይሰማል። ሁለተኛው ሰው ራሱ ተደብቆ ብቅ የሚልበት ነው። ይህን ለይተሽ ጠይቂ፣ «ውስጥ ተዋናይ አለ ወይ? ይነካናል ወይ?» በይ። ለልደት ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። ሁለተኛው ላይ ሰው እየጮኸ አንድ ጥግ ይሰበሰባል፤ እንቆቅልሹን የሚፈታ አይኖርም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የእምነት ነገር ነው። አንዳንድ ክፍሎች ውስጥ «መንፈስ መጥሪያ» ሰሌዳ ላይ እጅ አድርጎ ጥያቄ የመጠየቅ ጨዋታ አለ። ከእኛ አንዷ «ጨዋታም ቢሆን እጄን አላደርግም» አለች። ልክ ናት። ማተብ ያሰረ ሰው በልደት ስም እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ መግፋት ነውር ነው። ደግነቱ በስልክ ጠይቄ ስለነበር ሰውዬው ሰሌዳውን አንስቶ መልሱን በደብዳቤ ተክቶልን ነበር። ስትጠይቂያቸው ያደርጉታል። እስላምም ሁኑ ክርስቲያን፣ ሳትጠይቂ ጓደኞችሽን ይዘሽ አትሂጂ።

ሌላም አለ። ከእኛ ሰው መካከል አገር ቤት ታስሮ የተፈታ ብዙ ነው። በር ሲቆለፍበት ምን እንደሚሰማው ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም። «ሰርፕራይዝ» ብላችሁ ዓይኑን ሸፍናችሁ አትውሰዱት። ባለ ልደቷንም ቢሆን ቀድማችሁ ንገሯት።

4. በሩ በእውነት ይቆለፋል ወይ?

ይህን ሳትጠይቂ እግርሽን አታስገቢ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ፖላንድ ውስጥ ኮሻሊን በምትባል ከተማ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ኢስኬፕ ሩም ውስጥ በእሳት አደጋ ሞተዋል። እነሱም የሄዱት እንደ እናንተ ልደት ለማክበር ነበር። መውጫ አጥተው ነው የቀሩት። ደህና ቤት በሩን በእውነት አይቆልፍም። ወይም በሩ አጠገብ ሲጫኑት የሚከፍት ቁልፍ አለው፣ ከመጀመራችሁ በፊትም ያሳያችኋል። እኛን ያመናጨቀችን እንግዳ ተቀባይ ስለዚህ ምንም አላለችም። ፈርሙ የተባልነውን ወረቀት ነው የሰጠችን። የሁለተኛው ቤት ሰውዬ ግን ወረቀቱን ከማስፈረሙ በፊት መውጫውን በእጃችን አስነክቶ አሳየን። «የመጫኛውን ቦታ አሳየኝ» በይ። ካላሳዩሽ ውጪ። ገንዘቡ ይቅር።

5. ታሪኩን ቀን ላይ እዩት፣ ጨዋታውን ማታ ተጫወቱ።

በዚያ ሰፈር ከምትሰሚው የሙት መንፈስ ወሬ በጣም የታወቀው የአንዲት ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 አንድ ባልና ሚስት በመርከብ አሌክሳንድሪያ ደረሱ ይባላል። ሚስት ታማለች። ባልየው ሐኪሙንና አስታማሚዎቹን ማንነቷን ለማንም እንዳይናገሩ አስማላቸው ይላሉ። ኦክቶበር 14 ቀን ሞተች። እስከ ዛሬ ስሟ አይታወቅም። በአፈ ታሪኩ የሞተችው ዛሬ ጋድስቢስ ታቨርን ሙዚየም በሚባለው ቤት፣ ክፍል ቁጥር 8 ውስጥ ነው። ይህ ቤት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1798 እና በ1799 ለልደቱ በተዘጋጀ የዳንስ ምሽት የተገኘበት ነው። መቃብሯ በቅዱስ ጳውሎስ መካነ መቃብር አለ። በእግሮች ላይ የቆመ ጠረጴዛ የመሰለ ድንጋይ ነው። ስም የለበትም፤ «እንግዳ ሴት» ብቻ ይላታል፣ ዕድሜዋ 23 ዓመት ከ8 ወር። እኛ ሁለተኛውን ጊዜ ከጨዋታው በፊት ሙዚየሙንም መቃብሩንም አየን። ማታ ያ የተፋቀ ስም ያለበት መዝገብ ፊት ስንቆም ክፍሉ ሌላ ትርጉም ነበረው። ሳያዩ የሚገቡ ሰዎች ግማሹን ያጡታል።

እዚህ ላይ የልቤን ልናገር። በዚያች ከተማ ለአንዲት ስሟ ለማይታወቅ ሴት ክፍል ይሠራል፣ የማታ አስጎብኚ ፋኖስ ይዞ ይዞራል። ከዚያ በእግር የሚደረስበት ዱክ ስትሪት 1315 ቁጥር ላይ ደግሞ ፍሪደም ሃውስ ሙዚየም አለ። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ሰዎችን እዚያ ሰብስበው ወደ ኒው ኦርሊየንስና ወደ ናቸዝ እየላኩ ሸጠዋል። የእነዚያ ሰዎች ስም የት አለ? የኢስኬፕ ሩም ቤት ድረ ገጽ ላይ «የባርነት ዘመን» ወይም «የእስረኞች ጓዳ» የሚል ጭብጥ ያለው ክፍል ካየሽ እለፊው። የሰው ሥቃይ የስልሳ ደቂቃ መዝናኛ አይደለም። ለእኛ፣ ጥቁር ሆነን እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጊዜ ካላችሁ ሙዚየሙን ሌላ ቀን፣ ከጨዋታ ጋር ሳታቀላቅሉ ሂዱበት።

6. መኪናና ሰዓት።

ቅዳሜ ማታ ኦልድ ታውን ፓርኪንግ ፍለጋ ስትዞሩ ሰዓታችሁ ያልፋል። የዘገየ ሰው ደግሞ ከጨዋታው ላይ ነው የሚቀነስበት፤ አንዳንዱም ቤት ጭራሽ አያስገባም። በሜትሮ ኑ። ብሉ ወይም የሎ ላይን ይዛችሁ ኪንግ ስትሪት ውረዱ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ የምትሄድ ትሮሊ አለች፣ በነፃ ናት። የሚያረፍድ ጓደኛ ካላችሁ (ሁሉም ቡድን ውስጥ አለ) ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ንገሪው።

ልደቷ ኦክቶበር ላይ ከዋለ ደግሞ አሁኑኑ ያዢ። ለሃሎዊን ሁሉም ስለሚሻማ ዋጋውም ይጨምራል፣ የሚሠሩትም ሰዎች ይደክማሉ፣ ይነጫነጫሉ። ከቻላችሁ እሁድ ከሰዓት አድርጉት። ስድስት ሰው ለአንድ ክፍል ትንሽ ይበዛል፤ ሁለቱ ቆመው ያያሉ። ተመሳሳይ ክፍል ሁለት ካላቸው ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተወዳደሩ። ከሌላቸው ግን ስድስታችሁም አንድ ላይ ግቡ፣ አንዷ የተገኘውን ቁጥር ሁሉ ጮክ ብላ የምትደግም ትሁን።

የሁለተኛውን ቤት ስም እዚህ በአደባባይ አልጽፍም፤ ማስታወቂያ ይመስላል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና የደወልኩበትን ቁጥር እሰጥሻለሁ። ስትደውዪ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሰሌዳው እና ስለ በሩ ጠይቂ። ሦስቱንም በትህትና ከመለሱልሽ ክፈዪ።