የጀልባዋ መሪ ዘንግ እና የእሑዱ ወረቀት

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ አነስተኛ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ አለው። የመሪዋ ዘንግ መቀመጫውን ስላጣበበበት ዘንጉን አውልቆ አመጣልኝ። 1 ሜትር የነበረውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አሳጥሬ፣ ወደ ላይ የሚታጠፍ እንዲሆን ማጠፊያ ገጠምኩለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማጠፊያው ተላቅቆ ጀልባዋ ከመሳፈሪያው መድረክ ጋር ተጋጨች፤ አብራው የነበረች እንግዳም እጇ ተሰበረ። ደንበኛው 85,000 ብር ክፈል ይለኛል። የጽሑፍ ውል የለንም። የመክፈል ግዴታ አለብኝ? እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ 85,000 ብሩ ከመነጋገራችን በፊት ስላልነገሩኝ ነገሮች ልጠይቅዎ። ይቺን ጀልባ በዓይንዎ አይተዋታል? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ያዩት ዘንጉን ብቻ ነው። ሲያጥር ለመሪው የሚያስፈልገው ጉልበት እንደሚጨምር ለደንበኛው ነግረውታል? በፊት 6 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይበቃው የነበረ መሪ አሁን 10 ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈውም እርስዎ በገጠሙት ማጠፊያ ላይ ነው። በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ብሎኑ ዳዶ አለው፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያ ግን አይታይም። ከአደጋው በኋላ ወድቆ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ አልገባም? እኔ የምጠይቅዎትን የሌላው ወገን ጠበቃም ይጠይቅዎታል፤ ስለዚህ ለጠበቃዎ እውነቱን አስቀድመው ይንገሩት።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ከኃላፊነት አያድንዎትም፤ እንዲህ ያለ ሥራ በቃልም ይዋዋሉታል። ከደንበኛው ጋር ያላችሁ ጉዳይ የሚታየው በውሉ ነው። የተጎዳችው እንግዳ ግን ከእርስዎ ጋር ምንም ውል ስለሌላት፣ መጠየቅ የምትችለው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስላለ ኃላፊነት በሚደነግገው ክፍል፣ በተለይ በአንቀጽ 2028 ነው። አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ፣ «እሱ ነው አሳጥር ያለኝ» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ደንበኛው በበኩሉ ጀልባዋን ሳይፈትሽ ሰው አሳፍሮ ከሆነ የጥፋቱ ተካፋይ ሊሆን ይችላል። የትኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደሚያይ በመኖሪያችሁ ብቻ ስለማይወሰን፣ የአካባቢውን አሠራር የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ፤ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ሽምግልናን አልቃወምም፤ ስንት ጎረቤት በፍርድ ቤት ከመቆራረጥ ያዳነ ባህላችን ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሲነሡ አንድ ሰው ከኪሱ ወረቀት ያወጣል። «ያደረስኩትን ጉዳት አምኜ 85,000 ብር ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ይላል። ቡና ተፈልቷል፣ ሁሉም እርስዎን ያያል፣ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ይፈርማሉ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው።

በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3307 መሠረት ተከራካሪዎች ከየጥያቄያቸው ጥቂት ጥቂት ትተው ክርክርን በስምምነት መጨረስ ይችላሉ። ስምምነቱ ከተፈረመ ግን በአንቀጽ 3312 መሠረት በፈራሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። «መብቴን ተሳስቼ ነው የፈረምኩት» ቢሉ ፍርድ ቤቱ አይሰማዎትም። «በፈራሚዎቹ መካከል» የሚለውን ደግመው ያንብቡልኝ። እጇ የተሰበረው እንግዳ እሑድ እዚያ ትገኛለች? ካልተገኘችና እሷ ወይም ሕጋዊ ወኪሏ ካልፈረመ፣ ለደንበኛው የከፈሉት ገንዘብ የእሷን ጥያቄ አይዘጋም። ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በመደበኛው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ልትከስዎ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ማስረጃዋ «አምኜ» ያሉበት የእርስዎ ፊርማ ይሆናል። ሰውን በቸልተኝነት መጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ስለሚያስጠይቅም፣ ያ ቃል ከፖሊስ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከዓመታት በፊት በር የሚበይድ ባለሙያ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። የወደቀው በር የሰበረው የጎረቤት ልጅ እግር ነበር፤ እሱ ግን የታረቀው ከቤቱ ባለቤት ጋር ብቻ ነው። የልጁ አባት ክስ ሲመሠርት ያንኑ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጎ አያያዘው። ያ ሰው አንዱን ጉዳት ሁለት ጊዜ ከፈለ። አስቀድሞ አንድ ሰዓት ቢያማክረኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እሑድ ሽማግሌዎቹን በክብር ይቀበሉ፣ ያዳምጡ፣ የተጎዳችውንም ከልብዎ ይጠይቋት፤ «እግዜር ይማርሽ» ማለት ጥፋት ማመን አይደለም። ወረቀት ከመጣ ግን «ጠበቃዬ ይየው» ይበሉና ቅጂውን ይቀበሉ። እንዲስማሙ ከተመከሩም ጥፋቱን ሳያምኑ የሚከፍሉት መሆኑ፣ እንግዳዋ ራሷ መፈረሟ፣ 85,000ው ከምን ከምን እንደተደመረ በሕክምናና በጥገና ደረሰኝ መታየቱ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ እንደማይነሣ መጻፉ ግድ ነው። ደንበኛው ለእሷ ከፍያለሁ ካለ ደረሰኙን ያሳይ። የቅድሚያ ክፍያ ብለውም ቢሆን ያለ ጽሑፍ ገንዘብ አይስጡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የቆረጡት 40 ሳንቲ ሜትር እንጨት የት ነው? ከምድጃ ካልገባ ዛሬውኑ ያንሡት፣ ፎቶግራፍ ያንሡት፣ ለማንም አይስጡ። ዘንጉ አስቀድሞ ተሰንጥቆ ወይም ነቅዞ እንደነበር ሊያሳይ የሚችል ሌላ ነገር በእጅዎ የለም። ማጠፊያውና ብሎኑ ደንበኛው ዘንድ ከሆኑ ሳይነኩ እንዲቆዩ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ትእዛዙን የተነጋገራችሁባቸውን የስልክ መልእክቶችም እንዳያጠፉ። ይህን ሁሉ በአንድ ፖስታ አድርገው፣ ከእሑድ በፊት አንድ ጠበቃ ፊት ይቀመጡ።